ፔኒ በሌላ ብረት ቢሠራ ኖሮ ይተርፍ ነበር?

መልስ_ቆጣሪ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ካሸር ነኝ። ፔኒ (የአሜሪካው 1 ሳንቲም) መታተም ካቆመ ወዲህ መልስ መስጠት ራስ ምታት ሆኖብናል። ከባንክ ጥቅል ፔኒ ስንጠይቅ አንዳንዴ ይሰጡናል፣ አንዳንዴ አልቋል ይሉናል። ሰው 4 ዶላር ከ98 ሳንቲም የሆነ ዕቃ ይዞ 5 ዶላር ሲያቀብለኝ ሁለቷን ሳንቲም ከየት ላምጣ? አለቃችን ለደንበኛው እንድናጠጋጋ ነግሮናል። እኛ ጋ በካሽ የሚከፍሉት አብዛኞቹ አረጋውያንና የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሳንቲማቸውን ይቆጥራሉ። መብታቸው ነው።

ጥያቄዬ ግን ስለ ብረቱ ነው። አንድ ፔኒ ለማውጣት በ2024 የበጀት ዓመት 3.69 ሳንቲም ይፈጅ እንደነበር የአሜሪካ ሚንት (የመንግሥት ሳንቲም ማተሚያው) ራሱ አሳውቋል። ታዲያ ከሚያቆሙት በርካሽ ብረት ለምን አልሠሩትም? ከዚህ በፊትም ብረቱን ቀያይረውታል አሉ። የሚያውቅ ሰው በደንብ ያስረዳኝ።

ብረታብረት (ሂውስተን)

ወንድሜ ጥሩ ጥያቄ ነው። በብረት ልበጣ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ ስለቆየሁ ጉዳዩን ስከታተለው ነበር። ባጭሩ፣ ፔኒን ያስወደደው ብረቱ አይደለም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አሁን ኪስህ ውስጥ ያለው ፔኒ 2.5 ግራም ይመዝናል። 97.5 በመቶው ዚንክ ነው። መዳቡ 2.5 በመቶ ብቻ ነው፣ እሱም ላዩ ላይ የተለበጠው ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ማለት 400 ፔኒ ነው፤ በገንዘብ 4 ዶላር። በ2024 ዚንክ በዓለም ገበያ ኪሎው በአማካይ ከ3 ዶላር በታች ነበር። መዳቡን ብትጨምርበት እንኳ ጥሬ ዕቃው 4 ዶላር አይሞላም። እነዚያን 400 ፔኒዎች ሠርቶ ለማውጣት ግን 14 ዶላር ከ76 ሳንቲም ይወጣ ነበር።

ሌላው ገንዘብ የት ገባ? ዚንኩ ተዳምጦ ስስ ሉህ ይሆናል፣ ክብ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ከዚያ በመዳብ ይለበጣል። ይህን የሚሠራው ቴነሲ ውስጥ ግሪንቪል ከተማ ያለ የግል ፋብሪካ ነበር። ከዚያ በመኪና ተጭኖ ፊላደልፊያና ዴንቨር ይሄዳል። እዚያ ይታተማል፣ ይቆጠራል፣ በከረጢት ይሞላል፣ ወደ ፌዴራል ሪዘርቭ ይላካል። ደሞዝ አለ፣ መብራት አለ፣ የማሽን እድሳት አለ። ኳርተር ሲያትምም ፔኒ ሲያትምም የማሽኑ ልፋት ብዙም አይለያይም። ልዩነቱ አንዱ 25 ሳንቲም ይዞ ሲወጣ ሌላው 1 ሳንቲም ይዞ መውጣቱ ነው።

ሕጉም ቢሆን እጅ ያስራል። የግምጃ ቤት ሚኒስትሩ በራሱ ሥልጣን መቀየር የሚችለው የፔኒውን ክብደትና የመዳብና የዚንኩን መጠን ብቻ ነው። ወደ ስቲል (ተራው ብረት) ወይም አሉሚኒየም ለመሄድ ኮንግረስ አዲስ ሕግ ማውጣት አለበት።

ሙከራው ግን ተደርጓል። በ2010 በወጣ ሕግ ሚንቱ አማራጭ ብረቶችን እንዲያጠና ታዘዘ። በ2012 እና በ2014 ለኮንግረስ ሪፖርት አቀረበ። ፔኒን ከ1 ሳንቲም በታች ሊያወርድ የሚችል ብረት አልተገኘም። መዳብ የተለበጠ ስቲልም ታይቶ ነበር፤ ከዚንኩ ብዙም የሚሻል አልሆነም።

ጋሽ_ሽልንግ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ልጆች፣ ሒሳቡ ልክ ነው። ግን ይህን ነገር በኪሎ ብቻ አትመዝኑት። እኔ ሳንቲም የምሰበስብ ሰው ነኝ፤ ፔኒን በጣም እወደዋለሁ። ታሪኩንም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብረቱ በተቀየረ ቁጥር የተቀየረበት ጉዳይ አለው።

በ1793 ሲጀመር ንጹህ መዳብ ነበር። መጠኑ ከዛሬው ኳርተር ይበልጣል፣ ኪስ ይቀድዳል። በ1857 መዳብ ሲወደድና ሕዝቡም በትልቅነቱ ሲማረር አሳነሱት። አዲሱ ትንሽ ፔኒ 88 በመቶ መዳብ፣ 12 በመቶ ኒክል ሆነ። ቀለሙም ፈካ አለ። በ1864፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መሐል፣ ኒክሉን ትተው 95 በመቶ መዳብ ያለበት ነሐስ አደረጉት። የሊንከን መልክ የገባው በ1909 ነው። በ1962 ነሐሱ ውስጥ የነበረው ቆርቆሮ ወጣ፣ 95 መዳብ 5 ዚንክ ሆነ።

ከሁሉም የሚገርመው የ1943 ነው። መዳቡ ለጥይት ቀለህና ለስልክ ሽቦ ተፈለገ። ስለዚህ ፔኒን ዚንክ ከተለበጠ ስቲል ሠሩት። ነጭ ሆነ። ሕዝቡ ከዳይም (ከ10 ሳንቲሙ) ጋር እያምታታው ተቸገረ። ጠርዙ ሲቆረጥ ብረቱ ዚንክ ሳይለብስ ስለሚቀር ቶሎ ይዝግ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ወደ መዳብ ተመለሱ። የተኮሱትን የጥይት ቀለህ አቅልጠው ጭምር ነው ያተሙት።

በ1982 ደግሞ የመዳብ ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ ወደ ዚንክ ዞሩ። በዚያው ዓመት ሁለቱም ዓይነት ወጥቷል። ቤታችሁ ሞክሩት። የ1982 ፔኒ ሁለት ሦስት ያህል ውሰዱና የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ጣሏቸው። የመዳቡ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል፣ ጭራው ይረዝማል። የዚንኩ ድፍን ነው፣ ቶሎ ይሞታል። ሚዛን ያለው ሰው ደግሞ አይሳሳትም፤ አንዱ 3.1 ግራም፣ ሌላው 2.5 ነው።

ቆጣቢዋ (ሲያትል)

ጋሼ እናመሰግናለን። እኔ ከ1982 በፊት የነበሩትን መርጬ አስቀምጣለሁ፤ ትልቅ የቡና ጣሳ ሞልቷል። መዳቡ ብቻውን ከ1 ሳንቲም ይበልጣል ይላሉ። እውነት ነው? እና አሁን ፔኒ ስለቆመ ማቅለጥ ይፈቀዳል ማለት ነው?

ብረታብረት

እህቴ፣ መዳቡ በእርግጥ ይበልጣል። አሮጌው ፔኒ 3.11 ግራም ስለሆነ አንድ ኪሎ ውስጥ 321 ገደማ ይገባል፤ በገንዘብ 3 ዶላር ከ21። በ2024 መዳብ ኪሎው 9 ዶላር አካባቢ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ውስጥ ወደ 3 ሳንቲም የሚጠጋ ብረት አለ።

ማቅለጡን ግን እንዳታስቢው። ሚንቱ በዲሴምበር 2006 ፔኒና ኒክል (የ5 ሳንቲሙን) ማቅለጥን ከልክሏል። ቅጣቱ እስከ 10,000 ዶላርና እስከ 5 ዓመት እስር ነው። የሕትመቱ መቆም ይህን ክልከላ አላነሳውም። አገር ቤት ስትሄጂ በሻንጣ ይዤ ልውጣ እንዳትይም። ተጓዥ ይዞ መውጣት የሚፈቀድለት በፔኒና በኒክል እስከ 5 ዶላር ብቻ ነው። ማስቀመጥ ግን መብትሽ ነው።

የልጆች_ነርስ (ሚኒያፖሊስ)

ስለ ብረቱ ስታወሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ እባካችሁ ትንንሽ ልጆች ያላችሁ አንብቡት።

ሕፃን ሳንቲም ሲውጥ መጀመሪያ የሚታሰበው ጉሮሮው ላይ እንዳይቀር ነው። ወደ ሆድ ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። የዚንኩ ፔኒ ግን ሌላ ባሕርይ አለው። መዳቡ በጣም ስስ ነው። ጭረት ካለው የጨጓራ አሲድ በዚያ ገብቶ ዚንኩን ይበላዋል። ሆድ ውስጥ የቆየ ፔኒ ራጅ ላይ ጠርዙ እንደ ተቀደደ ወይም መሐሉ እንደ ተበሳ ሆኖ ይታያል። የሚሟሟው ዚንክ ደግሞ የጨጓራን ግድግዳ ሊያቆስል ይችላል። የድሮው የመዳብ ፔኒ እንዲህ አይሟሟም።

ስለዚህ ልጅ ፔኒ መዋጡን ከጠረጠራችሁ «ይወጣል» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ሐኪም ጋ ውሰዱት። ቢቻል ሳንቲሙ ምን እንደሆነና ከስንት ሰዓት በፊት እንደተዋጠ ንገሩ። ማስታወክ፣ ምራቅ መብዛት፣ ለመዋጥ መቸገር ካለ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው። አዲስ ፔኒ አይታተምም ማለት ፔኒ ከየሶፋው ሥር ጠፋ ማለት አይደለም።

ጋሽ_ሽልንግ

ልጄ፣ ተባረኪ። እንዲያውም ሐኪሞች በፔኒ ብረት ጉዳይ ላይ ቃል ሲሰጡ ይህ የመጀመሪያ አይደለም። በ1973 መዳብ ሲወደድ ሚንቱ የአሉሚኒየም ፔኒ አዘጋጅቶ ነበር። 1974 የሚል ዓመት ተጽፎበት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ታተመ። ናሙናውን ለኮንግረስ አባላት አደሉ። ተቃውሞው ከየአቅጣጫው መጣ። የመዳብ ማዕድን ባለቤቶች ተቃወሙ። የሽያጭ ማሽን ባለቤቶች ማሽናችንን ያጨናንቅብናል አሉ። የልጆች ራጅ ሐኪሞች ደግሞ አሉሚኒየም ራጅ ላይ በደንብ አይታይም፣ ልጅ ቢውጠው እናጣዋለን አሉ። ፕሮጀክቱ ተሰረዘ፣ ሳንቲሞቹም ቀለጡ። ለኮንግረስ ከታደሉት ጥቂቶቹ ሳይመለሱ ቀሩ። አንዱ ስሚዝሶንያን ሙዚየም ውስጥ አለ።

አራዳ_ልጅ (አዲስ አበባ)

ጋሼ ይህንን ሳነብ በጣም ገረመኝ! ኮንግረሱ እምቢ ያለውን አሉሚኒየም እኛ ተቀብለነዋል ማለት ነው። በደርግ ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. የወጣችው 1 ሳንቲም አሉሚኒየም ናት። በአንድ በኩል የአንበሳው ራስ፣ በሌላው በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ያለባት። እናቴ ጋ ጥቂት አለች። ስትይዟት ክብደቷ አይሰማም።

አሁን ማን ያውቃታል? ታክሲም ሱቅም አይቀበላትም። ስሙኒና ሽልንግ ራሳቸው ከገበያ ጠፍተዋል። ብረቷ ርካሽ ሆነ አልሆነ፣ የምትገዛው ነገር ሲጠፋ እሷም ጠፋች። አዲሶቹ ሳንቲሞች ደግሞ የተለበጠ ብረት ናቸው፤ ማግኔት ሲጠጋቸው ይለጠፋሉ። ፔኒም ላይ የደረሰው ይኼው ይመስለኛል።

ጋሽ_ሽልንግ

አንድ ነገር ልጨምርልህ ልጄ። ከዚያች አሉሚኒየም በፊት የነበረችው የጃንሆይ 1 ሳንቲም ንጹህ የመዳብ መልክ ያላት ነበረች። 1936 ዓ.ም. የሚል አላት። ያቺ ሳንቲም የታተመችው የት ይመስልሃል? መጀመሪያ የታተመችው እዚሁ ፊላደልፊያ ሚንት ውስጥ ነው። በኋላ እንግሊዝ አገርም ታትማለች፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን ሳይቀየር 1936 እንዳለ ቀጠለ። የፊላደልፊያ ማሽኖች የሊንከንን ፔኒና የኢትዮጵያን ሳንቲም ባንድ ዘመን አትመዋል። የመጨረሻዎቹ ፔኒዎች የታተሙትም እዚያው ነው፣ በኖቬምበር 12፣ 2025።

ስሙኒያችንስ? የመጀመሪያው የ1936 ስሙኒ ክብ ነበር። ከብር ከተሠራው ሽልንግ ጋር ስለተመሳሰለ ሰበሰቡትና ጠርዙን እንደ አበባ ቅጠል አድርገው እንደገና አወጡት። ብረቱ መዳብ እንደሆነ ቀረ፤ ቅርጹን ቀይረው ችግሩን ፈቱት። አሜሪካኖቹ በ1943 ነጩን ፔኒ ከዳይም ጋር ያምታቱበትን ጣጣ እኛ በጠርዝ ብቻ አልፈነዋል።

ሎንዶን_ሰሜን

ሰላም ወገኖች። እዚህ እንግሊዝ ብረቱን በመቀየር 1 ፔኒ እስካሁን መገበያያ ሆኖ ቆይቷል። እስከ 1992 ድረስ 97 በመቶ መዳብ ያለበት ነሐስ ነበር። በዚያ ዓመት በመዳብ ወደ ተለበጠ ስቲል ቀየሩት። ማተሚያው ዌልስ ውስጥ ላንትሪሰንት የሚባል ቦታ ነው።

አቀያየራቸው ጥንቁቅ ነበር። ስቲል ከነሐስ ይቀላል፤ መጠኑን ሳይነኩ ቢቀይሩት ሳንቲሙ ይቀልል ነበር። ባንኮች ደግሞ ሳንቲምን በሚዛን ነው የሚቆጥሩት። ስለዚህ ውፍረቱን ከ1.52 ሚሊ ሜትር ወደ 1.65 አሳደጉትና ክብደቱን እዚያው 3.56 ግራም ላይ አቆዩት። አሮጌውና አዲሱ ባንድ ከረጢት ቢቀላቀሉ ሚዛኑ አይዛባም። የሚለያችሁ ማግኔት ብቻ ነው። አሜሪካ ይህንን ማድረግ አትችልም ነበር?

ቶሮንቶ_ምሥራቅ

ካናዳ አድርጋው አይተነዋል ወንድሜ። የእኛ ፔኒ በመጨረሻ ዘመኑ 94 በመቶ ስቲል ነበር፤ ኒክልና መዳብ ላዩ ላይ ብቻ። ያም ሆኖ አንዱን ለማውጣት 1.6 ሳንቲም ይፈጅ ነበር። በሜይ 2012 ዊኒፔግ ላይ የመጨረሻው ታተመ። ከፌብሩዋሪ 4፣ 2013 ጀምሮ ለባንኮች ማከፋፈልም ቆመ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጸሐፊ ለጠየቀው መልሱ ጎረቤት አገር አለ። ርካሹ ብረት ኪሳራውን ቀነሰ እንጂ አላጠፋውም።

እኛ ጋ ደንቡ ግልጽ ነው፣ ለዚያም ነው ጭቅጭቅ የሌለው። በካሽ ሲከፈል ጠቅላላ ድምሩ፣ ታክስ ከተጨመረ በኋላ፣ ይጠጋጋል። በ1 እና 2፣ በ6 እና 7 የሚያልቅ ወደ ታች። በ3 እና 4፣ በ8 እና 9 የሚያልቅ ወደ ላይ። በካርድ የከፈለ እስከ ሳንቲሙ ይከፍላል። ወረቀቱ በየካሸሩ ተለጥፎ ነበር። አሁን ልጆቻችን ፔኒ የሚባል ነገር አያውቁም።

መልስ_ቆጣሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼ በተለይ እርስዎን። አሁን ገባኝ። ግን የቶሮንቶው ወንድሜ ያለው ነገር ነው ያንገበገበኝ። እዚህ አገር ፔኒው ሲቆም እንዲህ ያለ የፌዴራል ደንብ አብሮ አልወጣልንም። እያንዳንዱ ሱቅ የራሱን ያደርጋል። ወደ ላይ ስታጠጋጋ ደንበኛ ይቆጣል። ሁልጊዜ ወደ ታች ስታጠጋጋ ባለሱቁ ይከስራል። ፉድ ስታምፕ (በካርድ የሚሰጥ የመንግሥት የምግብ ድጎማ) የሚቀበሉ ሱቆች ደግሞ ለካሽና ለካርዱ የተለያየ ዋጋ እንዳይጠይቁ ደንብ አለባቸው። ይህ ሁሉ የወደቀው ካሸሩ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ስናጠጋጋ የምንጨርሰው ኒክል ነው። መሳቢያው ውስጥ ኒክል እንደ በፊቱ አይበረክትም። ኒክሉስ ስንት ይፈጃል?

ብረታብረት

አየህ፣ የብረት ለውጥ ጥያቄ መነሳት ያለበት እዚያ ላይ ነው። ኒክል በ2024 የበጀት ዓመት 13.78 ሳንቲም ነበር የፈጀው። የ5 ሳንቲም ዕቃ ማለት ነው። እያንዳንዱ ላይ ከ8 ሳንቲም በላይ ኪሳራ። ፔኒ ላይ የነበረው 2.69 ነው።

ልዩነቱን ልብ በል። ፔኒ ከርካሹ ዚንክ የተሠራ ስለሆነ ከብረቱ ላይ የሚቀነስ ነገር አልነበረም። ኒክል የሚባለው ሳንቲም ግን 75 በመቶ መዳብና 25 በመቶ የኒክል ማዕድን ነው፤ ሁለቱም ውድ። ክብደቱም 5 ግራም ነው። እዚህ ላይ ብረት መቀየር እውነተኛ ገንዘብ ያተርፋል። ተደርጎም ያውቃል፤ በ1942 ለጦርነቱ ኒክሉን አውጥተው 35 በመቶ ብር፣ 56 መዳብና 9 ማንጋኒዝ አድርገውታል።

የሚከብደው የሽያጭ ማሽኑ ነው። የዛሬ ማሽኖች ፔኒ አይቀበሉም፤ ፔኒ ቢቀየር ግድ አይሰጣቸውም ነበር። ኒክልን ግን ይቀበላሉ። የሚለዩትም በመጠኑ ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪክ በሚያሳልፍበት ልክ ነው። ወደ ስቲል ብትቀይረው ማሽኑ አላውቀውም ብሎ ይተፋዋል። አገር ሙሉ ማሽን ማስተካከል ብዙ ወጪ ነው። ስለዚህ ሚንቱ ያጠናው ማሽኑን ሳይነካ የሚያልፍ ቅይጥ ነው፤ መዳቡን ወደ 80 በመቶ ከፍ አድርጎ ኒክሉን ወደ 20 ዝቅ የሚያደርግ። ቁጠባው ትልቅ አይደለም። ግን ማሽኑም ሰውም ልዩነቱን አያውቀውም። ለሚንቱ ይህን ሥልጣን የሚሰጥ ረቂቅ ሕግ ሴናተር ማጊ ሃሰንና ሴናተር ጆኒ ኤርንስት አቅርበዋል።

የኔ ሐሳብ ይኼ ነው። ፔኒን ማቆማቸው ልክ ነው። ያለ ደንብ ማቆማቸው ግን ልክ አይደለም። ኒክልን ደግሞ ዛሬውኑ ቅይጡን ይቀይሩት፤ ፔኒ ከወጣ በኋላ የመልሱ ሸክም ሁሉ እሱ ላይ ነው።

ጋሽ_ሽልንግ

እኔ ደግሞ ባይቆም እመርጥ ነበር። ሦስት መቶ ቢሊዮን ገደማ ፔኒ አሁንም በሕዝቡ እጅ እንዳለ የግምጃ ቤቱ ግምት ነው። ሁሉም ሕጋዊ ገንዘብ ነው። ማሰሮ ውስጥ ከሚቀመጥ ወደ ባንክ ቢመለስ ኖሮ ይህ ካሸር ልጃችን ባልተቸገረ። ቆጣቢዋ እህታችን የመዳቡን ታስቀምጥ፤ የዚንኩን ግን ለሱቆች ብትለቂው ጥሩ ነው ልጄ።

ቆጣቢዋ

እሺ ጋሼ። የዚንኩንማ ለሱቅ እሰጣለሁ። ግን ጣሳው ውስጥ 1943 የሚል መዳብ መልክ ያለው አገኘሁ! በ2010 አንዱ በ1.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል የሚባለው ይኼ ነው?

ጋሽ_ሽልንግ

ተረጋጊ ልጄ። በ1943 የስቲሉ ፔኒ ሲጀመር በስህተት በመዳቡ ክብ ላይ የታተሙ ጥቂቶች አሉ፤ የተሸጠው ከእነሱ አንዱ ነው። አስመሳዩ ግን ብዙ ነው። መጀመሪያ ማግኔት አስጠጊለት። ከያዘው መዳብ የተቀባ ብረት ነው፣ በቃ። ካልያዘው በአጉሊ መነጽር 3ቷን እያት፤ የ1948ን 8 ፍቀው 3 የሚያደርጉ አሉ። ከዚያ መዝኚው፣ 3.1 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። ሦስቱንም ካለፈ ሳታጥቢውና ሳትወለውዪው ሳንቲም ለሚመረምር ባለሙያ አሳዪ። ውጤቱን እዚሁ ጻፊልን።